በውጭ ምንዛሪ መቆጠብ፦ የደብተሩ ዶላርና የእጁ ዶላር



የዛሬውን ርዕስ የሰጠችኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ታላቅ እህቷ ከሪያድ በየወሩ የምትልከውን ገንዘብ እየመነዘረች በብር ታስቀምጥላት ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ የእህቴን ልፋት ያቀለጥኩት እኔ ነኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። በዕለቱ የሰጠኋት መልስ ራሴንም አላረካኝም። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄዋን በእናንተ ፊት እንደገና አነሣዋለሁ።

በተጠቀሰው ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዋዜማው 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በመጀመሪያው ቀን 74 ብር አለፈ፤ ዓመት ሲሞላ ከ130 ብር በላይ ደረሰ። ከለውጡ በፊት 1,000 ዶላር መንዝሮ 57,500 ብር ያስቀመጠ ሰው፣ ዝቅተኛውን የ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢያገኝ፣ በዓመቱ 61,525 ብር ይኖረዋል። ይህን ለ130 ስናካፍለው 473 ዶላር ይሆናል። ባንኩ አንዲት ሳንቲም አላጎደለም፤ ወለዱም በወቅቱ ተከፍሏል። ከገንዘቡ ግን በዶላር ሲለካ ከግማሽ በላዩ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ከለውጡ በፊት በትይዩ ገበያ አንድ ዶላር ከባንኩ ዋጋ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ይሸጥ ስለነበር፣ ከውጭ የሚገቡ ብዙ ሸቀጦች ዋጋ ቀድሞውኑ በዚያው ልክ ተሰልቶ ነበር። ስለዚህ በብር አግኝቶ በብር ለሚኖር ሰው ጉዳቱ ስሌቱ የሚያሳየውን ያህል አይደለም። ነገ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ውጭ ለመሄድ፣ ልጅ ውጭ አገር ለማስተማር ወይም ለሕክምና ለመክፈል ላሰበች እህት ግን ስሌቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። አንድ ሒሳብ ከሌላው ይሻላል ከማለታችን በፊት ገንዘቡ ወደፊት በየትኛው ገንዘብ እንደሚወጣ ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ለመሆኑ አማራጮቹ ምን ነበሩ? በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ከቻሉ ቆይተዋል። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ አለ፤ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ አለ፤ እንዲሁም ከውጭ በመጣ ምንዛሪ የሚከፈት ነገር ግን ተመልሶ ወደ ምንዛሪ የማይቀየር የብር ሒሳብ አለ። ሦስቱም በአንድ የ«ዳያስፖራ ሒሳብ» ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ይህ የስም መመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሦስተኛው ለአገር ውስጥ ክፍያ የሚውል የብር ሒሳብ በመሆኑ፣ ብር ሲዳከም አብሮ ይዳከማል።

የ2016ቱ ማሻሻያ ደግሞ በአገር ውስጥ ለሚኖር ሰው በር ከፈተ። ሐዋላ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ደመወዝ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገኝ ኪራይና የመሳሰለው ገቢ ያለው ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍቶ ለውጭ አገልግሎቶች ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ተማሪዬ ይህን መብት ያገኘችው ገንዘቡ ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ጥፋቱን በእርስዋ ላይ የማላሳርፈውም ለዚህ ነው። በዚያው ልክ በሩ ለማን እንዳልተከፈተ እናስተውል። በዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን ደመወዛችንን የምንቀበለው በብር ነው፤ ብር ይዘን ሄደን ይህን ሒሳብ በዶላር መሙላት አንችልም። ከብር መዳከም የሚጠብቀው መሣሪያ የደረሰው በውጭ ዘመድ ወይም ቀጣሪ ላለው ነው። እንደ ኢኮኖሚ ባለሙያ ምክንያቱ ይገባኛል፤ እንደ ደመወዝተኛ ግን ይቆረቁረኛል።

ወደ ንጽጽሩ እንመለስ። ቆጣቢው ባንክ ሄዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወለዱን ነው። እኔ ግን ወለዱን ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ፤ ለዚህም ሊባኖስን እጠቅሳለሁ። የሊባኖስ ፓውንድ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ1,507.5 ገደማ ታስሮ ነበር። ባንኮቹ ለዶላር ተቀማጭ ማራኪ ወለድ ይከፍሉ ስለነበር፣ ጥንቃቄ የመረጠ ቆጣቢ ሁሉ ዶላሩን አስገባ። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ባንኮቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጉ፤ ሲከፈቱ ዶላር ማውጣት ተገድቧል። ኋላም አስቀማጩ ዶላሩን በፓውንድ እንዲወስድ ተደረገ፤ ያውም በ3,900፣ ቆይቶ በ8,000 ተመን፣ የጎዳናው ዋጋ ከዚያ እጅግ ርቆ ሳለ። በደብተር ላይ ብቻ ላለው ዶላር «ሎላር» የሚል ስም ወጣለት። የዚህ ቀውስ ጦስ ለእኛም ደርሷል፦ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. አሠሪዎቻቸው መክፈል ያቃታቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ነበር።

የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ፣ ባንኩ ዶላር ሊከፍለን የገባው ቃል ነው እንጂ በስማችን የተቆለፈ ዶላር አይደለም። ስለዚህ ሁለት ባንኮችን ስናነጻጽር ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚወጣ እንጠይቅ፦ በጥሬው ነው፣ በዝውውር ነው፣ ወይስ በብር ብቻ? ለየትኛው ክፍያ ምን ማስረጃ ይጠየቃል? በብር የሚወጣ ከሆነ በየትኛው ቀን መግዣ ዋጋ? በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትና የአገልግሎት ክፍያው ተደምረው የዓመቱን ወለድ በአንድ ቀን ሊውጡት ይችላሉ። የመድኑን ነገርም እንጠይቅ። የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ሽፋን ጣሪያው በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ 100,000 ብር ነው፤ ይህ መጠን በ57 ብር ተኩል ሲሰላ 1,739 ዶላር ነበር፤ በ130 ሲሰላ 769 ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖቻችን አንዲት ነገር ላክል። የሳዑዲ ሪያል በ3.75፣ የኤምሬትስ ድርሃም በ3.6725 ለአንድ ዶላር ታስረው ለዓመታት ቆይተዋል። ተመኑ እንደታሰረ እስከቆየ ድረስ ሪያል የያዘ ሰው በተግባር ዶላር ይዟል፤ «ዶላር ይሻላል» ብሎ መመንዘር ትርፉ ኮሚሽን መክፈል ነው።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ይዛ ወደ አንድ ባንክ ሄደች። ወለዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገሯት። ለውጭ ክፍያ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ስትጠይቅ ግን ሦስት ሠራተኞች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጧት። መልሱን በጽሑፍ ጠይቃ ከሌላ ባንክ አገኘችና ሒሳቡን እዚያ ከፈተች። ለእናታቸው የወር ወጪ የሚሆነው አሁንም በብር ይመጣል፤ የቀረውን እህቷ ሪያድ ውስጥ በሪያል ትይዛለች፤ ወደ ዶላር ሒሳቡ የሚገባው ለታናሽ ወንድማቸው የውጭ ትምህርት የታሰበው ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።