ከጓደኛ ስልክ የተቀበሉት አፕ ምን ይዞ መጣ?

ሰቆጣም ሆነ ጽጽቃ አዲስ አፕ ሲያስፈልግዎ ከፕሌይ ስቶር ከማውረድ ይልቅ በዜንደር ወይም በሸርኢት ከጓደኛ መቀበል ይቀላል። ዳታ አይበላም። ዳታ ውድ ነውና ይህን ማድረግዎ አይገርምም።

ችግሩ የት ላይ ነው? አፕ የሚጽፉት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ጎተራ ሲሠራ ለአይጥ የሚበቃ ቀዳዳ ሳይታይ እንደሚቀር ሁሉ አፕም ውስጥ ሌባ የሚገባበት ስህተት ይቀራል። ይህ የደህንነት ክፍተት ይባላል። ትልልቆቹም ከስህተት አይድኑም። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አውጥተዋል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል፤ ሌባ ሳይገባበት ያን ያህል ከተበላሸ፣ ሌባ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ሸርኢት ራሱስ? በየካቲት 2013 ትሬንድ ማይክሮ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ክፍተት እንዳገኘበት ይፋ አደረገ። በዚያ ክፍተት የስልኩን ምስጢር ማውጣትና የሌላ ሰው ትእዛዝ ማስገባት ይቻል ነበር። አፑ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል። ባለቤቶቹ በኋላ ጠገኑት። ጥገናው ግን የሚደርሰው አፑን ላደሰ ሰው ብቻ ነው። አሮጌውን ቅጂ ከጓደኛው የተቀበለ ሰው ክፍተቱንም አብሮ ተቀብሏል፤ ለሚቀጥለውም ሰው ያስተላልፈዋል።

ከዚህ የሚብሰው ሆን ተብሎ የተነካካ ቅጂ ነው። በቴሌግራም የሚላክ ‹‹ኤፒኬ›› (የአፕ መጫኛ ፋይል) የቴሌብርን ወይም የባንክን መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሲከፍቱት አጭር መልእክትዎን ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቀዱለት ባንክ የሚልክልዎን የማረጋገጫ ቁጥር ከእርስዎ ቀድሞ ያየዋል። ስልክን እንደ ባትሪ ከማብራት ሌላ ሥራ የሌለው አፕ መልእክት ላንብብ ካለ እምቢ ይበሉት።

ታዲያ ክፍተቱ እንዲጠገን አፖቹን ሁሉ ለማደስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሁሉንም ማደስ አይጠበቅብዎትም። ፕሌይ ስቶር ውስጥ አፖችን በራሱ የሚያድሰውን ማስተካከያ ያጥፉት። ከዚያ ገንዘብዎን የሚነኩትን፣ ማለትም ቴሌብርንና የባንክዎን አፕ፣ አንድ በአንድ ያድሱ። አንዱ ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው የሚፈጀው። የስልኩ የራሱ እድሳት ግን ከፍ ይላል፤ ከጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ እስኪደርሱ ያቆዩት። የቴሌብርን አፕ ከሰው ተቀብለው ከሆነ አጥፍተው ከፕሌይ ስቶር እንደገና ያውርዱ። ለዚህ የሚወጣው ዳታ አያስቆጭም።

ስልክዎ አርጅቶ እድሳት መቀበል ቢያቆምስ? የቴሌብርን አፕ አውጥተው *127# ይጠቀሙ። ኢንተርኔት አይፈልግም።

ስልክ ቤት አፕ ሲያስጭኑ የምስጢር ቁጥርዎን የሚጠይቅዎ ካለ አይስጡት፤ ለመጫን አያስፈልግም። ሰጥተው ከነበረ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ከቴሌብር ሒሳብዎ የጎደለ ካለም ወደ 127 ይደውሉ።