12 ቶኑ የት ገባ?

ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ገባኝና ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም። አንድ የብረት ለበስ ሞዴል ልኩ ትክክል፣ ቀለሙ ትክክል፣ ብሎኖቹ ሁሉ በየቦታቸው ሆነው ሳለ ለምንድን ነው ባዶ ሳጥን የሚመስለው? አጠገቡ ያለው ደግሞ ከካርቶንና ከሶፍት ተሠርቶ እያለ፣ ብታነሱት ወገባችሁን የሚቆርጥ የሚመስለው ለምንድን ነው?

በኤም 113 እንየው። ቤይሩት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የሊባኖስ ጦር መንገድ ዳር የሚያቆመው፣ ባለ ሰንሰለቱ፣ አራት ማዕዘኑ ብረት ለበስ ነው። በንጉሡ ዘመን የእኛም ጦር ከአሜሪካ ተቀብሎት ነበር። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ86 ሳንቲም ነው፤ ክብደቱ ከነጭነቱ ወደ 12 ቶን ይጠጋል። በ1/16 እንሥራው፤ ማለትም እያንዳንዱን ልኬት ለ16 እናካፍል። ርዝመቱ 30 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ደልደል ብሎ የሚቀመጥ ትልቅ ሞዴል።

አሁን ክብደቱን አስሉ። 12 ቶን ለ16 ሲካፈል 750 ኪሎ ነው። ማን ሊያነሳው? ግን ያጠረው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ ወርዱም ቁመቱም ለ16 ተካፍለዋል። ስለዚህ ክብደቱን ለ16፣ ያንን መልሳችሁ ለ16፣ ያንንም እንደገና ለ16 ታካፍሉታላችሁ። 16 በ16 በ16 ሲባዛ 4,096! 12,000 ኪሎ ለ4,096 ሲካፈል ደግሞ ሦስት ኪሎ አይሞላም። ይህ እንግዲህ ከነሞተሩ፣ እውነተኛው ቀፎ ከተሠራበት ከአሉሚኒየም ብትሠሩት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክማ ከዚያም ይቀላል።

ቁጥሩ ካልጣማችሁ እንጀራ አምጡ። ሙሉውን እንጀራ በአንድ ጠርዙ ይዛችሁ አንሡት፤ እጥፍጥፍ ብሎ ይንጠለጠላል። አሁን ከዚያው እንጀራ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ቁረጡና በጠርዟ ያዟት። ቀጥ ብላ ትቆማለች! ጤፉ ያው፣ እርሾው ያው፣ ውፍረቱም ያው። ትንሽ ስለሆነች ብቻ የራሷ ክብደት ሊያጎብጣት አልቻለም። እኔ ነገሩ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው። ሞዴል ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንደዚያች ቁራሽ ነው፤ ሸራው አይረግብም፣ ገመዱ አይወርድም፣ ሰንሰለቱ አይተኛም። ዓይናችን ደግሞ ሒሳቡን ባያውቅም መርገቡን ይጠብቃል፤ ሲያጣው «ይህ መጫወቻ ነው» ይለናል።

ስለዚህ የቤት ውስጥ ሥራችን አንድ ነው፤ የጠፋውን ክብደት ማስመሰል። ደስ የሚለው፣ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቤይሩት ላይ ገንዘብ አለመጠየቁ ቀላል ነገር አይደለም። ሊራው ከ1997 ጀምሮ እስከ 2019 ቀውስ ድረስ አንድ ዶላር በ1,507.5 ነበር፤ ከ2023 ወዲህ 89,500 አካባቢ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከውጭ በዶላር የሚመጣ የነሐስና የሬዚን ማስጌጫ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ሶፍት፣ ኮላ፣ ክርና የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ግን ከየቤቱ አይጠፋም።

በሸራው እንጀምር፤ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ እሱ ነው። እውነተኛ ጨርቅ ቆርጣችሁ ጣሪያው ላይ ብታኖሩ እንደ ቁራሿ እንጀራ ግትር ይላል። ሶፍት ውሰዱ፤ ድርብ ከሆነ ለዩትና አንዱን ንብርብር ብቻ ያዙ። ነጩን ኮላ በውሃ አቅጥኑና ሶፍቱን ሞዴሉ ላይ አኑራችሁ በብሩሽ አርጥቡት። እዩት! ውሃው ክሩን ያለሰልሰዋል፣ በራሱ ክብደት ይጫነዋል፣ ከሥር ካለው ነገር ጋርም ያጣብቀዋል፤ ሶፍቱ እያያችሁት በሳጥኑ ማዕዘን ላይ እጥፋት እየሠራ ይወርዳል። ውሃው ክብደቱን አበደረው ማለት ነው። ከዚያ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ኮላው ግን ያንን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ብድሩ ተመለሰ፣ እጥፋቱ ቀረ!

እጥፋቱ እንዴት መውደቅ እንዳለበት ማጥናት የሚፈልግ ቡርጅ ሐሙድ ይሂድ። እሑድ እሑድ ከዶራ አደባባይ ወደዚያ የምንሻገር ሁሉ ስንቴ አልፈነዋል፤ ቀና ብለን ሰገነቶቹን እንይ። ፀሐይ ለመከላከል የተሰቀለው ወፍራም መጋረጃ በገመድ ሲሰበሰብ፣ ሲንጠለጠል፣ ጫፉ ሲከብድ ይታያል። የጭነት ሸራም የሚወድቀው እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ። ኤም 113 በየጎኑ አምስት ጎማ አለው፤ የላይኛውን ሰንሰለት ደግፎ የሚይዝ ሌላ ትንሽ ጎማ ግን የለውም። ስለዚህ ብረቱ በክብደቱ ወርዶ ጎማዎቹ ራስ ላይ ይተኛል፤ ከፊት ካለው ጥርሳማ ጎማ ሲነሳ ደግሞ ረገብ ይላል። የሞዴሉ የላስቲክ ሰንሰለት ግን እንደ ተወጠረ ክር አየር ላይ ይቀራል። በየጎማው ራስ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉ፣ ከሰንሰለቱና ከቀፎው ከንፈር መካከል የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወትፉና እስኪደርቅ ተዉት። ስፖንጁን ስታወጡት ሰንሰለቱ ተኝቷል። አንዲት ጠብታ ኮላ የቶኖችን ሥራ ሠራች እኮ!

ለመጎተቻው ገመድ የኤሌክትሪክ ገመድ ላጡና ውስጡን ቀጫጭን መዳብ አውጡ። ላስቲኩን መጀመሪያ ማስወገድ ግድ ነው፤ ሲቃጠል ጢሱ መጥፎ ነው። ክሮቹን በፒንሳ ይዛችሁ አንድ ላይ ግመዱ፣ ከዚያ በወረንጦ ይዛችሁ እሳት ላይ ቀላ እስኪል ብቻ አሳዩት። መዳብ እንዲህ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝም ልስላሴው አይጠፋም! አሁን በሁለቱ መንጠቆዎች መካከል እንዲወርድ በጣታችሁ ስታጎብጡት ተመልሶ አይነጥርም፤ ባለበት ይቀራል። የአሸዋ ከረጢቱም ከዚሁ አይለይም፤ ከስቱኮ ጠፍጥፋችሁ ሳይደርቅ አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑት፤ የታችኛው ይጨፍለቅ። የቁስል ጎዝ ብትጫኑበት የማዳበሪያ ጆንያ ሽመና ያወጣል።

እውነተኛውን ብረት ለማየት ለሚፈልግ፣ ከቤይሩት ወጣ ብሎ ያርዜ፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ ዘንድ፣ አርማን የተባለው ቀራጺ የሠራውና በ1995 የተመረቀው ሐውልት አለ። 30 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮንክሪት ውስጥ ታንኮችና ሌሎች የጦር ተሽከርካሪዎች ፎቅ በፎቅ ተቀብረዋል፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለሰላም የቆመ ነው። የጦር ቦታ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታውጡ። መንገድ ላይ ያሉትንም ቢሆን በዓይናችሁ ብቻ አጥኑ።

የቀረው መሬቱ ነው። ብዙ ሰው የደረቀ አፈር ላይ ሞዴሉን አስቀምጦ ያበቃል፤ እኔ ግን አሁን በተቃራኒው ብትጀምሩት ደስ ይለኛል። እንጨት ላይ ስቱኮ ቀቡ፤ የቡና አተላ በደንብ አድርቃችሁ በላዩ ነስንሱበት፤ ጥሩ ጥቁር አፈር ይወጣዋል። ስቱኮው ገና እርጥብ ሳለ ሞዴሉን አኑሩት። በራሱ አይሰምጥም፣ ከሦስት ኪሎ በታች ነውና። ስለዚህ መዳፋችሁን ጣሪያው ላይ አድርጋችሁ፣ የሰንሰለቱ ጥርስ አፈሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት።