ያለ ሞተር መብረር፦ የሞዴል ግላይደር ክበቦች ለወጣቶች ምን ያስተምራሉ?

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ይበራልን? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ብናቀርብ ብዙዎቹ «አይበርም» ብለው እንደሚመልሱ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከሥጋ ቤቶች በላይ የሚያንዣብበውን አሞራ ቀና ብሎ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። አሞራው ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ይላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ 19ኛ አንቀጽና በሱረቱ አን-ነሕል 79ኛ አንቀጽ ወደ አዕዋፍ እንድንመለከት ጠርቶናል። መመልከት ሲባል ደግሞ ማስተንተንም አለበት።

ካስተነተኑት ሙስሊሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ887 ያረፈው የአንዳሉሱ ሊቅ ዐባስ ኢብን ፊርናስ ነው። የ17ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አል-መቀሪ እንደዘገበው፣ ኢብን ፊርናስ ሰውነቱን በላባ ሸፍኖና ሁለት ክንፎች አበጅቶ በአየር ላይ የተወሰነ ርቀት ሄደ፤ ሲያርፍ ግን ጀርባውን ተጎዳ። ምክንያቱም ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትጠቀም ልብ ሳይል ጅራት ሳያበጅ መቅረቱ ነው ይላል ዘገባው። ልጆቻችን የሰውየውን ስም ያውቃሉ፤ በጨረቃ ላይ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ በስሙ መጠራቱንም በኩራት ይነግሩናል። የጅራቱን ነገር ግን ማን ያነሳዋል? እኛ እንደ መምህርነታችን ከበረራው ይልቅ ይህችን የጅራት ነገር እንወዳታለን።

ዛሬ በብዙ አገሮች ይህንኑ ጉዳይ በእጃቸው የሚፈትሹ ክበቦች አሉ። አባላቱ ከባልሳ እንጨት፣ ከፎም ወይም ከካርቦን ፋይበር ትንንሽ ግላይደሮችን ይሠራሉ፤ በውስጣቸው ባትሪ፣ የሬዲዮ መቀበያና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱ ሰርቮ የሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ይገጥማሉ። እነዚህ ሞተሮች መሪውን ያዞራሉ እንጂ ግላይደሩን ወደፊት አይገፉም። ታዲያ ምን ያቆየዋል? ግላይደር ሁልጊዜ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ወደታች ይንሸራተታል። አየሩ ራሱ ግላይደሩ ከሚወርድበት ፍጥነት በላይ ወደላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ግላይደሩም አብሮ ይወጣል። ነፋስ ከተራራ ጋር ሲጋጭ ሽቅብ ይወጣል፤ ፀሐይ ያሞቀችው የታረሰ መሬትም ከጎኑ ካለው ለምለም ሣር ፈጥኖ ስለሚግል በላዩ ያለው አየር ይነሳል። ይህ አየር በዓይን አይታይም። አብራሪው የሚያውቀው የግላይደሩ አንድ ክንፍ በድንገት ከፍ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ተነሳው ክንፍ አቅጣጫ ይዞራል። አሞራ ሲዞር ካየም ወደዚያው ያመራል።

ወደ ሰማይ የሚላክበት መንገድም ቀላል ነው። ሠላሳ ሜትር ያህል የላስቲክ ቱቦ መሬት ላይ በካስማ ይታሰርና ረጅም የናይለን ክር ይቀጠልበታል፤ ተወጥሮ ሲለቀቅ ግላይደሩን እንደ ወንጭፍ ይልከዋል። ኤፍ 3 ጄ በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ግን ክሩን እየጎተቱ የሚሮጡት ሰዎች ናቸው። ተወዳዳሪው በ10 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል በአየር ላይ ቆይቶ በተወሰነ ነጥብ ላይ ማሳረፍ ይጠበቅበታል። ከነጥቡ ከ15 ሜትር በላይ ርቆ ያሳረፈ የማረፊያ ነጥብ አያገኝም። ኢብን ፊርናስ የተጎዳበት ያ ማረፍ ዛሬ በሜትር ይለካል ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የማረከን ግን የማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። የአስተማሪውና የተማሪው መቆጣጠሪያዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ። አስተማሪው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ግላይደሩ በተማሪው እጅ ይሆናል፤ ሲለቀው ወዲያው ወደ አስተማሪው ይመለሳል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ግላይደሩ ፊቱን ወደ እርሱ ሲያዞር ግራና ቀኝ የሚገለባበጥበት ነገር ነው። መፍትሔው «መቆጣጠሪያውን ወደ ዘቀጠው ክንፍ ግፋ» የሚል አጭር ምክር ነው። አስተማሪው ቶሎ ቶሎ ከነጠቀው ልጁ አይማርም፤ ከዘገየ ደግሞ የወራት ልፋት መሬት ላይ ይከሰከሳል። ስንቶቻችን ወላጆችና መምህራን ነን ቁልፉን መቼ መልቀቅ እንዳለብን የምናውቅ?

ሌላም አለ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባሉት መሣሪያዎች ከመስፋፋታቸው በፊት ሁለት ሰዎች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ከተጠቀሙ የአንዱ ግላይደር ይወድቅ ነበር። ስለዚህ በየሜዳው ሰሌዳ ይቆማል፤ አባሉ የሞገዱን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ሳይወስድ መሣሪያውን አይከፍትም ነበር። ማንም ፖሊስ የለም፤ የወንድምህ ንብረት በአንተ አማና ላይ ነው።

ከሙስሊም አገሮች ቱርክን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመው የአየር ማኅበሯ በ1935 ቱርክኩሹ፣ ማለትም «የቱርክ ወፍ» የተሰኘ ማሠልጠኛ ከፍቶ ወጣቶችን በግላይደር ማሠልጠን ጀመረ፤ የሞዴል አውሮፕላን ሥራም ያስተምራል። አንባብያንን የሚያስገርመው፣ የኡድሒያ ቆዳ የመሰብሰብ ሕጋዊ መብት ለብዙ ዓመታት የዚህ ማኅበር የነበረ መሆኑ ነው። ነገሩ በሕዝቡ ዘንድ ብዙ አከራክሯል፤ ክርክሩን ለዑለማዎች እንተወው። የእኛ በዓል ቆዳ በየአጥሩ ሥር ሲበሰብስ ስናይ ግን ነገሩ ትዝ ማለቱ አይቀርም።

«ይህ ጨዋታ ልጁን ከቁርኣን ትምህርቱ ያዘናጋዋል» የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። ስጋታቸው ቀላል አይደለም፤ ጥሩ የሚነሳ አየር የሚገኘው ከረፋድ ጀምሮ ስለሆነ ከዙህር ጋር መጋጠሙ አይቀርም። በዚያ ሰዓት ግላይደሩ ይወርዳል፣ ይሰገዳል፣ ከዚያ ይቀጠላል። የፊዚክስን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሸምድዶ ለፈተና ጽፎ ከሚረሳ ልጅ ይልቅ አንዱን ክንፍ በእጁ የሠራው ልጅ እንደሚሻል እኛ በክፍል ውስጥ እናየዋለን።

በሬዲዮ የሚመራ በራሪ ዕቃ የሚመለከተውን የመንግሥት አካል ፈቃድ ሳይጠይቁ ማስመጣትም ሆነ ማብረር አይገባም። ለመጀመር ግን ሬዲዮ አያስፈልግም። ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ክንፍ፣ አካልና ጅራት ቆርጣችሁ አጣብቁ። ክንፉን ከፊት ጠርዙ ሲሶ ያህል ገባ ብላችሁ በሁለት ጣት ከሥሩ ደግፉት፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ አፍንጫው ላይ ጭቃ ወይም ሳንቲም ለጥፉበት። ቀስ ብላችሁ ወደፊት ልቀቁት። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆም ብሎ ከወደቀ ክብደት ጨምሩ፤ በአፍንጫው ከተተከለ ቀንሱ።