የግእዝ አኃዝና የቁጥር ዋጋ

በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ ከዋጫ የተሰበሰበ አንድ የቃላት ዝርዝር በቅርቡ ለእርማት ተረክቤ ነበር። ዝርዝሩ የካፊኖኖን ቃል በላቲን ፊደል፣ ፍችውን በአማርኛ፣ የካርዱን ተራና ቃሉ የተመዘገበበትን ዓመት ደግሞ በግእዝ አኃዝ የያዘ ነው። ካርዶቹ በኮምፒዩተር ሲደረደሩ ፻፳፫ኛው ከ፪፻ኛው በኋላ ተሰለፈ፤ በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. የተመዘገበውም ቃል ዓመቱ 109100803 ሆኖ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ ግን አንድም ስሕተት አላመለከተም።

ጥፋቱ የፕሮግራም አዘጋጁ ብቻ አልነበረም። «የግእዙን ቁጥር በተለመደው ቁጥር ተካ» የሚለውን መመሪያ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሱም እንደ ቃሌ ፈጸመው። ፻ን በ100፣ ፳ን በ20፣ ፫ን በ3 ተክቶ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው 100203 ሆኑ፤ ፪፻ ደግሞ 2100 ሆነ።

በተለመደው አጻጻፍ የምልክቱን ዋጋ የሚወስነው ቦታው ነው። የግእዝ አኃዝ ግን ዜሮ የለውም፤ ፳ በየትም ቢቆም ሃያ ነው። ስለዚህ የሚነበበው በመደመርና በማባዛት ነው። ከ፻ በስተግራ ያሉት ተደምረው በመቶ ይባዛሉ፤ በስተግራው ምንም ከሌለ አንድ እንዳለ ይቆጠራል፤ በስተቀኝ ያሉት ይደመሩበታል። በ፲፱፻፹፫ ውስጥ 10 እና 9 ተደምረው 19፣ በመቶ ተባዝተው 1900፣ 83 ተጨምሮበት 1983 ይሆናል። ፼ም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በስተግራው ያለውን መቶ ሳይቀር በ10,000 ስለሚያባዛ ፻፼ 1,000,000 ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለእነዚህ ምልክቶች ከ4969 እስከ 4988 ያሉትን 20 ቦታዎች ሰጥቷል። በእንግሊዝኛው ስያሜ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት «አኃዝ»፣ ከ፲ እስከ ፼ ያሉት «ቁጥር» ተብለዋል። በምድብ ግን ሁሉም ዋጋቸው በቦታ ከሚወሰነው ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ተለይተዋል። ከዚህ የተነሣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፩ አኃዝ መሆኑን ሲጠየቅ «አዎን» ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲለውጠው ሲታዘዝ ግን እምቢ ይላል። እምቢታው ለእኛ የሚበጅ ነው፤ ዝም ብሎ 109100803 ከሚሰጥ ይሻላል። የአንዱን ምልክት ዋጋ ለብቻው የሚነግር ሌላ ትእዛዝም አለው፤ ስሌቱን ግን ራሳችን መጻፍ አለብን።

ከስሌቱ በፊት ፊደሉ መቃናት አለበት። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፊደሎች በላቲን ፊደላት የቁጥር ቦታ ላይ የተደረቡ ነበሩ። የዋጫው ዝርዝር ከፊሉ እንዲህ የተጻፈ በመሆኑ፣ የካፊኖኖው ቃልና የግእዙ አኃዝ በማሽኑ ዘንድ አንድ ዓይነት ምልክት ነበሩ። የሚለያቸው የትኛው ክፍል በየትኛው የፊደል ቅርጽ እንደ ተጻፈ የሚያሳየው ምልክት ብቻ ነው፤ እርሱ አስቀድሞ ከተደመሰሰ ካፊኖኖው ራሱ ትርጉም የለሽ የግእዝ ፊደል ይሆናል።

በበኩሌ «አኃዝ» ለሚጻፈው ምልክት፣ «ቁጥር» በእርሱ ለሚገለጸው መጠን ተለይተው እንዲሠራባቸው አሳስባለሁ። መመሪያዬም «የአኃዞቹን ዋጋ አስልተህ ቁጥሩን ስጥ፤ ቁጥሩን መልሰህ በግእዝ ጻፍና ከመነሻው ጋር አስተያይ» በሚል ተተክቷል። በአዲሱ ዝርዝር የግእዙ አጻጻፍ በአንድ ዐምድ እንዳለ ተጠብቋል፤ የተሰላው ቁጥር ከአጠገቡ ይገኛል፤ ካርዶቹም የሚደረደሩት በሁለተኛው ነው።