750 ግራም

ባለፈው ሐምሌ የእህቴን ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚካሄድ የፌንሲንግ ውድድር ዝግጅት ካምፕ ያደረስኳት እኔ ነበርኩ። ገና 13 ዓመቷ ነው። አድርሼ ልመለስ ነበር፤ የመሣሪያዋን ጫፍ ካየሁ በኋላ ግን አምስቱንም ቀን ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ምን ላድርግ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ፌንሲንግ ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለው፤ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። መጫወቻው 14 ሜትር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1896ቱ አቴንስ ጀምሮ ከኦሊምፒክ ቀርቶ አያውቅም። የእኔ ጉዳይ ኤፔ ነው።

ዘመዶቻችን «ልጅቷን ሰይፍ አስያዝሻት?» እያሉ እህቴን ይወቅሷታል። ሰይፍ ይቆርጣል፤ ኤፔ ስለት የለውም። እንደኔ ከሆነ ኤፔ ማለት 90 ሴንቲሜትር በሚረዝም ብረት ጫፍ ላይ የተተከለ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በብረቱ ቦይ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማጣበቂያ ተለጥፈው ይሄዳሉ። ጫፉ ላይ በሞላ የተደገፈች ቁልፍ አለች። ተጋጣሚ ላይ ስትጫን ሽቦዎቹ ይገናኙና መብራት ይበራል። ጫፏ የተጋጣሚን የእጅ መከለያ ወይም የብረቱን ወለል ብትወጋ ግን አይበራም፤ ሁለቱም ከመሬት መስመር ጋር ተያይዘዋል። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!

ዳሰስ ማድረግ ብቻ ነጥብ አያሰጥም። ከግጥሚያው በፊት ዳኛው ኤፔውን ሽቅብ አቁሞ ጫፏ ላይ 750 ግራም ክብደት ያስቀምጣል። ሞላው ክብደቱን መልሶ ካላነሳ ኤፔው ይወድቃል፣ ባለቤቱም ቢጫ ካርድ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ የሶቪየቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ደግሞ እጀታው ውስጥ ማብሪያ ደብቆ፣ ማንንም ሳይነካ መብራት ሲያበራ ተይዞ ከውድድሩ ተባሯል። የሽቦ ሙያ ለሌብነት ሲውል ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን የእኛይቱ 5 ለ 4 ተሸነፈች። «አጎቴ፣ ነክቻት ነበር እኮ! መብራቱ እምቢ አለ!» እያለች መጣች። ማሽኑን ልትወቅስ ፈልጋ ነበር። አሠልጣኙ ምንም ሳይናገር ትንሽ መፍቻ ሰጣት። ጫፏን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ከሰሊጥ ብዙም አይበልጡም። አንዱ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ጠፋ፤ ልጆቹ ሁሉ ምስር የሚለቅሙ ይመስል ተንበርክከው ፈለጉት። ቁልፏ ስትከፈት ውስጧ ዝጓል። ማታ ማታ ላብ የጠጣ ጃኬቷን ከኤፔው ጋር ጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ፤ ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው። እጄ እየበላኝም ቢሆን አላገዝኳትም። ራሷ ጠርጋ፣ ራሷ ገጠመችው፤ ክብደቱ ሲቀመጥበት ሞላው ቀጥ አድርጎ አነሳው። ስለ እግር አጣጣልና ስለ ማጥቃት የተማረችውን እሷ ትጻፈው።

ልጆቻችሁን ኤፔ የምታስይዙ ወላጆች ሆይ፣ እርጥብ ልብስና ብረት በአንድ ቦርሳ አታሳድሩ። ተራ ሲጠብቁ በጫፏ ወለል የሚቆረቁሩትንም ተቆጧቸው። ትርፍ ብሎንም ያዙ፤ እኛ ያንን ብሎን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።