የማርስ ቋንቋ በጄኔቫ

እ.ኤ.አ. በ1894 መገባደጃ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ቴዎዶር ፍሉርኑዋ በአንድ የመናፍስት ጥሪ ላይ ተገኘ። ጠሪዋ በንግድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ካትሪን ኤሊዝ ሙለር ናት። ለጥሪው ከማንም ገንዘብ አትቀበልም። ፍሉርኑዋ ስለ እሷ በጻፈው መጽሐፍ ማንነቷን ለመሰወር «ኤሌን ስሚዝ» አላት፤ የምትታወቀውም በዚሁ ስም ነው።

በ1848 አሜሪካ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ከሟች ጋር በማንኳኳት ተነጋገርን ካሉ ወዲህ የመናፍስት ጥሪ አውሮፓን አዳርሶ ነበር። ሥነ ልቦናም ገና ራሱን እየቻለ ያለ ወጣት ሳይንስ ነበርና ጉዳዩ ሳበው። በቦስተን ዊልያም ጄምስ ሊዮኖራ ፓይፐር የተባለችን ሙታን ጠሪ ያጠና ነበር፤ በፈረንሳይ ፒየር ዣኔ ሰው ሳያውቀው ስለሚያደርጋቸው ነገሮች በ1889 መጽሐፍ አሳትሟል።

ኤሌን ሰመመን ውስጥ ስትገባ አንዴ ንግሥት ማሪ አንቷኔት፣ አንዴ የሕንድ ልዕልት ትሆናለች። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ወደ ማርስ መጓዟ ነው። የጣሊያኑ የሰማይ ተመራማሪ ስኪያፓሬሊ በ1877 በማርስ ላይ መስመሮች አየሁ ካለ በኋላ ስለ ፕላኔቷ ነዋሪዎች ብዙ ይወራ ነበር። ኤሌን የነዋሪዎቹን ቋንቋ ተናገረች፤ በራሱ ፊደል ጻፈችው፤ ወደ ፈረንሳይኛም ተረጎመችው።

ፍሉርኑዋ አላመናትም፤ አላፌዘባትምም። ቃላቱን አንድ በአንድ ሰብስቦ መረመረ። ቃላቱ እንግዳ ናቸው፤ አሰካካቸው ግን የፈረንሳይኛ ነው። ፊደሉም ከፈረንሳይኛው ድምፆች አይወጣም። ይህን ለኤሌን ሲነግራት ብዙም ሳይቆይ ከማርስ ባሻገር ካለች ሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ፈረንሳይኛን ጨርሶ የማይመስል አዲስ ቋንቋ ተሰማ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የተመራማሪው ትችት ራሱ የሰመመኑን ይዘት ለውጦታል፤ የሚያጠናውን ነገር እሱም በከፊል እየሠራው ነበር።

የሕንዱ ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ ተፈታ። ኤሌን የጠቀሰችውን ንጉሥ ሊቃውንቱ አያውቁትም። ፍሉርኑዋ ግን በ1828 በታተመ የሕንድ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው፤ መጽሐፉም ጄኔቫ ውስጥ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር በንግግሯ ውስጥ የሳንስክሪት ቁርጥራጭ እንዳለ መስክሯል። ፍሉርኑዋ አንድ ጊዜ የታየ ወይም የተሰማ ነገር ምንጩ ተረስቶ እንደ አዲስ ራእይ ሊመለስ እንደሚችል አስረዳ፤ ክስተቱንም ክሪፕቶምኔዥያ አለው። እሷ መጽሐፉን ስታነብ ያየ ምስክር ግን አላገኘም።

ሌሎች ወጥመድ ማጥመድን መረጡ። በ1909 አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል በሕይወት ኖራ የማታውቅ፣ ራሱ የፈጠራትን የእህት ልጅ እንድትጠራለት ፓይፐርን ጠየቃት፤ «መንፈሷ» መጣች። ፈተናው ስለ መናፍስቱ ብዙ ቢናገርም በጠሪዋ አእምሮ ውስጥ የሚሆነውን አይነግረንም።

በ1932 ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስም ስለ ዛር ሲጽፍ እንደ ፍሉርኑዋ በእውነትና በማስመሰል መካከል ቆሞ ነው፤ የዛሩን ሥርዓት ባለቤቱ የሚኖረው ቲያትር አድርጎ አየው።

ስለ ኤሌን የተጻፈው መጽሐፍ በ1899 መጨረሻ ሲወጣ ብዙ አንባቢ አገኘ። እሷ ግን ድምዳሜውን አልተቀበለችም፤ ከፍሉርኑዋም ተለያየች። በኋላ በሰመመን ሃይማኖታዊ ሥዕሎችን ስትሥል ኖራ በ1929 አረፈች። የማርስን ቋንቋ የነገራት መንፈስ የለም፤ ፈጣሪው እሷ ናት። የሥነ ልቦና ታሪክ ሲጻፍም እንደ ተመርማሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ደራሲ ልትጠቀስ ይገባል።