ያልተቋጨን ታሪክ ማን ይቋጨዋል? የተቋረጡ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታዮችና የዲቪዲ ፊልሞች



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። የማነሣው ከቴሌቪዥን ጣቢያ ከተሰናበቱ በኋላ በዲቪዲ ስለ ቀጠሉ ሁለት የሰሜን አሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታዮች ነውና። ነገር ግን ከጉዳዩ ሥር የትረካ ተማሪ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ አለ። አንድ ታሪክ መቼና እንዴት እንደሚያበቃ የሚወስነው ማን ነው? ደራሲው ነው፣ ተመልካቹ ነው፣ ወይስ ወጪውን የሚሸፍነው ወገን? እኔ የምከራከረው፣ ከፋዩ ሲለወጥ የታሪኩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም አብሮ ይለወጣል ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ተከታታዮች ለምን እንደሚቋረጡ እንመልከት። ማስታወቂያ በሚደግፈው ቴሌቪዥን ተመልካቹ ገዢ አይደለም። ገዢው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው፤ የሚሸጠውም ዕቃ የተመልካቹ ትኩረት ነው። በዚህ ገበያ አንድን ክፍል በጉጉት ጠብቆ፣ እያንዳንዱን ቃል አጣጥሞ የሚያየው ሰውና ሶፋው ላይ እያንቀላፋ የሚያየው ሰው እኩል ይቆጠራሉ። ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው።

ረጅም ታሪክ የሚዘረጋ ተከታታይ ደግሞ በተፈጥሮው ከዚህ ቆጠራ ጋር ይጋጫል። ክፍሎቹ በበዙ ቁጥር ተመልካቹ ማስታወስ ያለበት ነገር ይበዛል። አዲስ የሚመጣው ሰው ገጸ ባሕርያቱን አያውቃቸውም፤ ጠላትነታቸውም ሆነ ፍቅራቸው ከየት እንደመጣ አይገባውም፤ ስለዚህ ከደጅ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተከታተለው ግን ከዓመት ዓመት ይበልጥ ይቆራኛል። የተመልካቹ ቁጥር ይመነምናል፤ የቀሩት ሰዎች ፍቅር ግን ይጠልቃል። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚያየው መመናመኑን ነው። ዲቪዲ የሚሸጠው ነጋዴ የሚያየው ጥልቀቱን ነው። አንድን ተከታታይ በአንደኛው ሚዛን የሚያስወድቀው ባሕርይ በሌላኛው ሚዛን ሀብት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ «ስታርጌት ኤስጂ ዋን» ነው። መነሻው በ1994 የወጣው «ስታርጌት» የተሰኘ የሲኒማ ፊልም ሲሆን፣ ተከታታዩ በ1997 በሾውታይም ጣቢያ ጀምሮ በ2002 ወደ ሳይ ፋይ ጣቢያ ተዛወረ። በአሥር ምዕራፎች 214 ክፍሎች ቀርበዋል። በነሐሴ 2006 ጣቢያው አሥረኛው ምዕራፍ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ደራሲዎቹ በዘጠነኛው ምዕራፍ የጀመሩት ትልቅ ታሪክ ገና በመካከል ላይ ነበር። ኦሪ የተባሉት ኃያላን ፍጡራን ራሳቸውን እንደ አምላክ እያስመለኩ፣ እምቢ ያለውን እያጠፉ ጋላክሲውን ወርረዋል፤ የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅም ጦርነቱ አላለቀም።

ይህን የታሪክ ዕዳ የከፈለው በመጋቢት 2008 በቀጥታ በዲቪዲ የወጣው «ዘ አርክ ኦቭ ትሩዝ» ነው። ደራሲውም ዳይሬክተሩም የተከታታዩ የረጅም ጊዜ አዘጋጅ ሮበርት ኩፐር ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብራድ ራይት የጻፈውና ማርቲን ዉድ ያዘጋጀው «ኮንቲንዩም» ተከተለ፤ የዚህ ፊልም አንዳንድ ትዕይንቶች በአርክቲክ በረዶ ላይና በአንድ እውነተኛ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ተቀርጸዋል።

ስሌቱ እንዴት ሠራ? ተዋንያኑ፣ አልባሳቱና ለቀረጻ የተገነቡት ክፍሎች አስቀድመው ነበሩ። ፊልሙን በሺህ በሚቆጠሩ ሲኒማ ቤቶች ለማሳየትና ለማያውቀው ሕዝብ ለማስተዋወቅ የሚጠይቀው ከባድ ወጪ አልነበረም። ገዢው ማን እንደሆነም ይታወቅ ነበር፤ የቀደሙትን ምዕራፎች በዲቪዲ ገዝቶ በመደርደሪያው ላይ የደረደረው ሰው ነው። ብዙ ሚሊዮን ተመልካች አላስፈለገም። ያስፈለገው ለፍጻሜው ከኪሱ ገንዘብ ለማውጣት የወሰነ ተመልካች ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ በማት ግሬኒንግ የተፈጠረውና ከዴቪድ ኮኸን ጋር ያዳበረው የካርቱን ተከታታይ «ፊውቹራማ» ነው። በ1999 በፎክስ ጣቢያ ጀመረ፤ በ2003 ከ72 ክፍሎች በኋላ ቆመ። ሆኖም በድጋሚ ስርጭትና በዲቪዲ ሽያጭ ተመልካቹ እንዳልተበተነ ታየ። ከ2007 እስከ 2009 አራት ፊልሞች በዲቪዲ ወጡ። የመጀመሪያው፣ «ቤንደርስ ቢግ ስኮር»፣ የሚከፈተው በራሱ መቋረጥ ላይ በማሾፍ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሥራቸው በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተሰርዞ እንደነበረና የሰረዙት ኃላፊዎችም በተራቸው እንደተባረሩ ይነገራቸዋል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ለ«ስታርጌት» ዲቪዲው መቋጫ ነበር፤ ለ«ፊውቹራማ» ግን ድልድይ ሆነ። ኮሜዲ ሴንትራል የተባለው ጣቢያ አራቱን ፊልሞች እያንዳንዳቸውን በአራት ከፍሎ 16 መደበኛ ክፍሎች አድርጎ አስተላለፋቸው። በ2009 ደግሞ 26 አዳዲስ ክፍሎችን አዘዘ፤ ተከታታዩም በ2010 ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። በ2013 እንደገና ቆሞ፣ በ2023 ሁሉ በተባለው የበይነ መረብ አገልግሎት ዳግም ተነሣ።

አሁን ወደ ቅርጹ ልመለስ፤ ለእኛ ለትረካ ተማሪዎች ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነውና። የ«ፊውቹራማ» ፊልሞች ሲጻፉ ሁለት ጌቶችን ማገልገል ነበረባቸው። እንደ አንድ ወጥ ፊልም መቆም አለባቸው፤ በሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቆረጡም እንደ አራት ክፍሎች መቆም አለባቸው። በጥሞና የሚያይ ሰው ስፌቱን ያገኘዋል። ታሪኩ በየተወሰነ ርቀት ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ አዲስ ችግር ይነሣና እንደገና መውጣት ይጀምራል። አራተኛው ፊልም፣ «ኢንቱ ዘ ዋይልድ ግሪን ዮንደር»፣ ሌላ ሸክም ነበረበት። ሥራው ይቀጥል አይቀጥል ሳይታወቅ የተጻፈ ስለሆነ መጨረሻው ፍጻሜም መነሻም እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። ፍራይና ሊላ ፍቅራቸውን ይገልጣሉ፤ መርከባቸውም ወዴት እንደሚያደርስ ወደማይታወቅ የሕዋ ቀዳዳ ይገባል። የደራሲዎቹ አለማወቅ ራሱ የታሪኩ ማብቂያ ሆኗል።

በ«ዘ አርክ ኦቭ ትሩዝ» የሚታየው ደግሞ የመጨመቅ ችግር ነው። ሁለት ምዕራፍ የፈጀ ጦርነት በአንድ ፊልም ርዝመት ውስጥ መቋጨት ነበረበት። ደራሲው የመረጠው መፍትሔ የሚያየውን ሰው እውነቱን እንዲያምን የሚያደርግ ጥንታዊ ታቦት ነው። በሐሳብ ደረጃ ከባድ ጥያቄ የሚያስነሣ መፍትሔ ነው። እምነትን በግዴታ የሚጭኑ ጠላቶችን እውነትን በግዴታ በሚያሳምን መሣሪያ ማሸነፍ ተገቢ ነውን? ተከታታዩ ሌላ አንድ ምዕራፍ ቢኖረው ይህን ጥያቄ በሰፊው ሊያወጣውና ሊያወርደው በቻለ ነበር። ፊልሙ ግን ነካ አድርጎት ያልፋል። ቢሆንም ጎዶሎ ፍጻሜ ከምንም ፍጻሜ ይሻላል ባይ ነኝ። በእኛ ባህል ተረት ነጋሪው ዳቦውን የሚጠይቀው ተረቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። በመካከል ተነሥቶ የሄደ ነጋሪ አድማጩን ባለዕዳ ሳይሆን ባለመብት አድርጎ ይሄዳል።

ይህ መንገድ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። በ100 ክፍሎች እንደሚያበቃ በነሐሴ 2008 የተገለጸው «ስታርጌት አትላንቲስ»ም በዲቪዲ ፊልም እንደሚቀጥል ተነግሮ ነበር፤ ሦስተኛ የ«ኤስጂ ዋን» ፊልምም ታቅዶ ነበር። ሁለቱም አልተሠሩም። የዲቪዲ ገበያ በፍጥነት እየተዳከመ መጣ፤ ባለመብቱ ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ በ2010 ወደ ኪሳራ ሕግ ጥበቃ ገባ፤ በ2011 ዕቅዶቹ መዘጋታቸው ተገለጸ። የተመልካቹ ፍቅር አልቀነሰም ነበር። የጠፋው ፍቅሩን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ዕቃ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን የምንመለከተው በወርሃዊ ክፍያ በሚሠሩ የበይነ መረብ አገልግሎቶች ነው። ተመልካቹ እንደገና ከፋይ ሆኗል ልንል እንችላለን። ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ዲቪዲ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ለየትኛው ታሪክ እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ግዢ በስም የተሰጠ ድምፅ ነበር። ወርሃዊው ክፍያ ግን ለሺህ ሥራዎች በጅምላ የሚከፈል ነው። የትኛው ታሪክ እንዳስከፈለው የሚገምተው አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ግምቱንም ለራሱ ይይዛል። ለአንድ ታሪክ የታመነ ትንሽ ማኅበረሰብ ድምፁ በብዙኃኑ ውስጥ ይሟሟል።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የአማርኛ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወደ ቪሲዲ፣ ከቪሲዲ ወደ ዩቲዩብ ሲሸጋገር በዓይናችን አይተናል። ቪሲዲ ሲገዛ ከፋዩ ተመልካቹ ነበር፤ በዩቲዩብ ከፋዩ በአመዛኙ ተመልሶ ማስታወቂያ አስነጋሪው ሆኗል፤ ሚዛኑም ተመልሶ የዕይታ ቁጥር ነው። ስለዚህ በመካከላችሁ ለምትገኙት የነገ ደራሲያንና አዘጋጆች አንድ ምክር ልስጥ። ረጅም ታሪክ ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚከፍልና የሚከፍለው በምን ሚዛን እየለካ እንደሆነ ጠይቁ። ከፋዩ ቢሄድ ታሪኩ በየትኛው ቦታ በክብር ሊያርፍ እንደሚችልም አስቀድማችሁ አስቡ። በመካከላችሁ ለምትገኙት ተመራማሪዎች ደግሞ የማቀርበው ጥሪ፣ የአንድን ተከታታይ ፍጻሜ ስትተነትኑ ከጽሑፉ ጋር የሒሳብ መዝገቡንም አብራችሁ አንብቡ የሚል ነው። የታሪኩ ስፌት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው።